አሥራ አራት አቤቱታ በአንድ ሰው ኮቴ ላይ

በሕንፃችን "እትዬ አቤቱታ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ፊት ለፊት የሚደፍረኝ የለም እንጂ ደረጃ ላይ ሳልፍ ሲጠቃቀሱ አያቸዋለሁ። ይጠቃቀሱ። ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የሰው ክርክር ስጽፍ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ የራሴን ብጽፍ ምን ይገርማል?

እዚህ ቤት ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከበላዬ የሚኖረው ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው። ሰዉ ሁሉ "ጋሼ" ይለዋል፤ እኔ "ኮቴ" ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። ስንገናኝ "እርስዎ" እንባባላለን፤ ሰላምታችን ግን ከአንገት በላይ ነው። የእሱ ወለል የእኔ ጣሪያ ስለሆነና ወለሉ ድምፅ ስለማያስቀር ሰውዬውን ከፊቱ ይልቅ በእግሩ ነው የማውቀው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአልጋው ይወርዳል። ከዚያ ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ዷ፣ ዷ፣ ዷ፣ ልክ ተማሪ እንደሚያሰልፍ። ስልክ ሲያወራማ መቀመጥ አያውቅም፤ እየጮኸ ያወራል፣ እያወራ ይመላለሳል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለሕንፃው ኮሚቴ አሥራ አራት አቤቱታ አስገባሁበት። ሁሉም ቀን፣ ቁጥርና ግልባጭ አላቸው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ጸጥ አለ። ኮሚቴውም "ችግሩ በመግባባት ስለተፈታ መዝገቡ ተዘግቷል" የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ለራሴ ኬክ ገዛሁ። እውነቴን ነው፣ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ግማሹን በላሁት።

ባለፈው ወር ጉንፋን ጥሎኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። ጣሪያ እያየ የሚውል ሰው ከማዳመጥ በቀር ምን ሥራ አለው? ኮቴ ጸጥ ያለው እኔን ፈርቶ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እርምጃው አጥሯል፤ ወጥ ቤት ለመድረስ ሃያ፣ አንዳንዴም ሃያ ሁለት ይፈጅበታል። እኩልም አይደለም። ሁለት ረጅም፣ ሦስት አጭር፣ ሸርተት፣ ቆም። ግድግዳው ጋ ደርሶ በአንድ ምት ይዞር የነበረው ሰው አሁን እንደሚገፋ ቁም ሳጥን በትንሽ በትንሹ ነው የሚዞረው። ከሁሉም የከነከነኝ ግን የስልኩ ነገር ነው። ስልኩ ይጮኻል፣ ሦስት አራት እርምጃ ይሄዳል፣ ገና "ሃሎ" ሲል እግሩ ቀጥ ይላል። ካወራ አይሄድም፣ ከሄደ አያወራም።

ይህን አረማመድ አውቀዋለሁ። ታላቅ እህቴን እንዲሁ ነው ያደረጋት። "እርጅና ነው" አልን፣ "ጉልበቷ ነው" አልን፣ የሚታሽ ቅባት ገዛንላት። በሦስተኛው ዓመት የገዛ በሯ ላይ ቆማ ቤቷ ጠፋባት። ሐኪም ጋ ስንደርስ "የት መኖር ትፈልጊያለሽ? ማን ይርዳሽ?" ተብላ የምትጠየቅ ሰው አልነበረችም። ሁሉንም እኛ ወሰንንላት፤ ደስ ይበላት ይክፋት እስከ ዛሬ አላውቅም። እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ለኮቴ ደግሞ ጊዜው አጭር ነበር። አብራው የምትኖረው አንዲት ልጁ፣ ፋርማሲስቷ፣ በሌላ ከተማ ሆስፒታል የሁለት ዓመት ሥራ አግኝታ ልትሄድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። እሷ ከሄደች እሱ ብቻውን ቀረ ማለት ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ እንደ እህቴ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚታወቅበት። ሳትሄድ መመርመር አለበት አልኩ። እኔ ደግሞ አልኩ ካልኩ አልኩ ነው።

ልጅቱን ደረጃ ላይ ጠብቄ ያዝኳት። ስትሠራ ውላ ድካሙ ፊቷ ላይ ይታያል፣ በሁለት እጇ ፌስታል ይዛለች።

"የአባትሽ አረማመድ ተለውጧል" አልኳት።

"እትዬ፣ እባክዎ ዛሬን እንኳን ይማሩኝ። በጣም ደክሞኛል።"

"ክስ አይደለም የኔ ልጅ። ድምፃቸው ጠፋ ነው የምልሽ።"

ፌስታሎቹን መሬት አስቀመጠቻቸው። "ስንት ዓመት ሙሉ ጮኸ ብለው ሲከሱት ኖሩ። አሁን ደግሞ ዝም አለ ብለው ሊከሱት ነው?"

የኮሚቴው ሰብሳቢ በሩን ከፍቶ ይሰማ ኖሯል፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!" ብሎ ሳቀ። ሞኙም ወረቀቱም እኔ መሆኔ ነው። ፊቴን ወደ ልጅቱ አድርጌ የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ሃያውን እርምጃ፣ መዞሩን፣ ስልኩን። የእህቴንም ነገርኳት። በመጨረሻ "እኔ አብሬው ነው የምኖረው እትዬ፣ ቢኖር አላይም ነበር?" አለችኝ። ችግሩ እሱ ነው፤ አብሮ የሚኖር ሰው በየቀኑ ስለሚያይ አያይም።

ቢሆንም የሕክምና ሰው ናትና ነገሩ ከንክኗት በማግስቱ ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሐኪሙ ቀኑን ጠየቀው፣ ወሩን ጠየቀው፣ ሦስት ቃል ነግሮት ቆየት ብሎ መልሶ ጠየቀው። ኮቴ አንድም አልሳተም። እንዲያውም ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ባለፈው ወር ላይ መቅረቱን ለሐኪሙ አሳየው አሉ። ለእኔ የተላከልኝ መልስ "ምንም የለብኝም፣ እርስዎ ግን ጆሮዎን ይታዩ" የሚል ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይተወው ነበር። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ችሎት ተቀምጫለሁ። አንደበቱ የሚጥም ምስክር ሁሉ ጉዳዩን ጨርሶ ያውቃል ማለት እንዳልሆነ አይቻለሁ። የኮቴ አፍ ደህና ነኝ ይላል፣ እግሩ ሌላ ቃል ይሰጣል። ሁለት ምስክር ሲጋጭ ደግሞ መዝገብ አይዘጋም።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ሥራ እንደሄደች ወደ ላይ ወጣሁ። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ "ደግሞ ምን አጠፋሁ?" አለኝ።

"ምንም። ኮሪደሩን እስከ ወጥ ቤት ድረስ እንዲሄዱልኝ ነው የመጣሁት።"

"እ?"

"እስከ ወጥ ቤት። ለአሥራ አራት አቤቱታዬ ይህቺን ያህል ቢውሉልኝ ምን አለበት?"

ሳቁ መጣበት መሰለኝ። ሊያሾፍብኝ ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን እያወናጨፈ "አንድ፣ ሁለት! አንድ፣ ሁለት!" እያለ ሄደ። ደህና ሄደ። ምት ይዞ ሲቆጥር እግሩ ይከተለዋል። ክው አልኩ፤ በሰላም የተቀመጠ ሰው ቤት ሟርት ይዤ የመጣሁ መሰለኝ። ተስፋ ግን አልቆረጥኩም።

"አሁን ደግሞ እየሄዱ ያጫውቱኝ" አልኩት። "ካስተማሯቸው ሁሉ ጎበዝ ሯጭ ማን ነበር?"

"አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች" አለ። ቆመ።

"እየሄዱ።"

ሁለት እርምጃ ተራመደ። "ስትሮጥ ግራ እጇን አታወዛውዝም። ስንቴ ብነግራት..." ቆመ።

"እየሄዱ ነው ያልኩት ጋሼ።"

"እየሄድኩ አይደል እንዴ!" ብሎ ጮኸብኝ።

ቆሞ ነው የጮኸው። ወዲያው ራሱ አንገቱን ደፍቶ እግሩን አየ፤ ሁለቱም ተጣምረው መሬት ላይ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ሲያያቸው ቆየ። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሰው ልጅ እንዲህ ሲደነግጥ ማየት ያሳፍራል፤ አሥራ አራት ጊዜ የከሰስኩት ሰውዬ እንዲህ አንጀቴን ይበላዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

"ሠላሳ ዓመት የሰው እግር ሳይ ነው የኖርኩት" አለ። "ገና ከሩቅ አይቼ ይህቺ ልጅ ቁርጭምጭሚቷን ያማታል እላለሁ። የራሴን እንዴት አላየሁም?"

"የራሱን ጀርባ የሚያይ ማን አለ?" አልኩት። "የእግር ጉዞን ሰዓት ይዘው የሚመረምሩበት ክሊኒክ አጠያይቄ አግኝቻለሁ። ሐሙስ ቀጠሮ አለ። በእርስዎ ስም አስይዣለሁ።"

"ሳይጠይቁኝ?"

"ብጠይቅዎ እምቢ ይሉ ነበራ።"

ለልጁ ራሱ እንደሚነግራት ቃል ገባልኝ፣ ነገራትም። ሐሙስ ሦስታችንም ሄድን። እኔን ማን ጠራሽ ያለኝ የለም፤ ብባልም አልቀርም ነበር። በብብቴ ስር ፋይሌን ይዣለሁ።

የክሊኒኩ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ ድምፅ የማያሰማ ጫማ አድርጋለች። በረጅሙ ኮሪደር ወለል ላይ በነጭ ፕላስተር አሥር ሜትር ተለክቶ ምልክት ተደርጎበታል። መጀመሪያ ዝም ብሎ እንዲሄድ አደረገችው። ከዚያ ከመቶ ሦስት ሦስት እየቀነሰ፣ ጮክ ብሎ እየቆጠረ እንዲሄድ ነገረችው። ሰዓት ይዞ ስንቱን ያስሮጠ ሰው ዛሬ ሰዓት ተያዘበት።

"ዘጠና ሰባት" አለ፣ ሄደ። "ዘጠና አራት።" እርምጃው አጠረ። "ዘጠና አንድ..." እዚያው ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እግሩ አይነሣም። ልጅቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሰዓቱ እየሮጠ ነው፤ እሱም ሰዓቱ እየሮጠ መሆኑን ያውቃል፤ ግን አንዱን ሲይዝ አንዱ ያመልጠዋል። ደግማ፣ ሠልሳ አስኬደችው፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ጻፈች።

ስንቀመጥ "አረማመድዎ እንዲህ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"እርጅና ነው ልጄ።"

"እኔ እንጃ" አለች ልጁ ዕንባዋን እየዋጠች። "ሁልጊዜ እንዲህ የነበረ ይመስለኛል።"

"ቀስ በቀስ ነው የመጣው ወይስ በድንገት? ይህን ማወቅ በጣም ይጠቅመኛል" አለች ሐኪሟ።

ፋይሌን ከፈትኩ። ከቤት ስወጣ አስቤበት ነው የያዝኩት፤ ሆኖም ሰውዬው አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ ማንበብ እንዲህ ይከብዳል አላልኩም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገለጥኩና ሦስተኛውን ጀመርኩ። "ጉዳዩ፦ ከላይኛው ቤት የሚመጣ የእግር ሁከት። ከላይ የተጠቀሱት ግለሰብ በየማለዳው እንደ ፈረሰኛ ጦር እየረገጡ ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት በአሥራ ሁለት እርምጃ የሚጓዙ ሲሆን፣ አሥራ ሁለቱም እኩል በመሆናቸው አመልካች ሳልወድ በግድ እየቆጠርኩ እነቃለሁ።" ሐኪሟ ቀና ብላ "ቀን አለው?" አለችኝ። ቀን የሌለው ወረቀት እኔ ጽፌ አላውቅም።

ሰባተኛው ስለ ስልኩ ነው። "ስልክ ሲያወሩ ያለ ዕረፍት ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ፤ በአንድ ምት ይዞራሉ፤ አስተዳደግ የጎደላቸው መሆኑን ያሳያል።" ኮቴ ኮርኒሱን እያየ "አስተዳደግ" ብሎ ደገመው። አሥራ አንደኛው ላይ እርምጃው አሥራ አምስት ሆኗል። እኔ የጻፍኩት ግን "ሁከቱን ለማርዘም ሲባል" ብዬ ነው።

አሥራ አራተኛው ቀረ። እሱን ላለማንበብ አንድ ልቤ አመነታ። "ኋላ ኋላ ደግሞ እግራቸውን መጎተት የጀመሩ ሲሆን፣ ይህንንም ሆን ብለው እኔን ለማናደድ የሚያደርጉት መሆኑ ግልጽ ነው። ኮሚቴው ጠርቶ ይቅጣልኝ።" ቀኑ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነው።

"ጠርተውኝ ነበር" አለ ኮቴ በቀስታ። "አልጎትትም ብዬ ማልኩላቸው። ዋሸሁ እንዴ?"

"አልዋሹም" አልኩት። "እኔ ነኝ የሰማሁትን ሰምቼ ያልገባኝ። ከዚያ ወዲያ ጸጥ ሲሉ አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ይቅር ይበሉኝ።" ያለ ቁጥር፣ ያለ ግልባጭ ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

ሐኪሟ ወረቀቶቹን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ በየቀናቸው ደረደረቻቸው። የዘጠኝ ዓመት የአረማመድ መዝገብ ይዞ የመጣ ታካሚ አይታ እንደማታውቅ ነገረችን። ደግሞም አስጠነቀቀችን፦ አረማመድ ስለተለወጠ ብቻ አእምሮ ደክሟል አይባልም፣ ዓይንም፣ ጆሮም፣ የሚወሰድ መድኃኒትም፣ ጉልበትም ያደርገዋል። ግን እንዲህ ከዓመት ዓመት ማጠሩ፣ እኩልነቱን ማጣቱና ማሰብ ሲጨመርበት መቆሙ አንድ ላይ ሲታይ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የደም ምርመራ፣ የጭንቅላት ምስልና ረዘም ያለ የማስታወስ ፈተና አዘዘችለት። ልጅቱ በዚያው ቀን የጉዞዋን ቀን አራዘመች።

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ከፊሉ የቫይታሚን እጥረት ሆኖ ተገኘ፤ መርፌ ተጀመረለት። ቀሪው ግን የፈራሁት ነው፤ አእምሮው መድከም ጀምሯል። ገና ከጅምሩ ነው፣ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ጨርሶ የሚያድነው መድኃኒት የለም። የደም ግፊቱን ይጠብቅ፣ በየቀኑ ይንቀሳቀስ፣ እየሄደ ማውራትን ይለማመድ ተባለ። ልጅቱ ለሁለት ቀን አለቀሰች፤ ከታች ሆኜ ይሰማኛል። በሦስተኛው ቀን ሥራውን ትታ እንደምትቀር ነገረችው። ከዚያ በኋላ ጩኸት ሆነ፣ የጮኸውም እሱ ነው።

በማግስቱ ሁለቱም ወደ እኔ ቤት ወረዱ። ኮቴ በሬ ላይ ቆሞ "ወረቀት አለ?" አለኝ።

"ከእኔ ቤት ወረቀት ይጠፋል?"

"እንግዲህ እኔ ልናገር፣ እርስዎ ይጻፉ። ሐኪሟ አሁን የምናገረው በሕግ ፊት ይቆማል ብላኛለች። ነገ ቃሌ ላይቆም ይችላል። ስለዚህ ዛሬ።"

ጠረጴዛውን ጠርጌ እስክርቢቶ አነሣሁ። እንዲህ ያለ ቆፍጣና ሰው በችሎትም ብዙ አላየሁም። አንደኛ፣ ልጄ ወደ ሥራዋ ትሂድ አለ። ልጅቱ "ይህ አይጻፍም!" ብላ ወረቀቱን ልትነጥቀኝ ተነሣች። "የሚናገረው አንድ ሰው ነው፤ ተራሽን ጠብቂ" ብዬ አስቀመጥኳት። ሲከራከሩ ቆይተው ለአንድ ዓመት ትሂድ፣ በየወሩ ትምጣ፣ ዓመቱ ሲሞላ እንደገና ይመከር በሚለው ተስማሙ። ሁለተኛ፣ ቀን ቀን አብሮት የሚውል ረዳት ይቀጠር፣ ሰውየውን ግን ራሱ ይምረጥ። ሦስተኛ፣ ከቤቱ ቁልፍ አንዱ እኔ ጎረቤቱ ጋ ይሁን። አራተኛ፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ምድር ቤት ይዛወር እንጂ ከሕንፃው አያውጡት። አምስተኛ፣ ስለ ሕክምናው ራሱ መወሰን ሲያቅተው ልጁ ትወስን። የእህቴን ፊት እያሰብኩ ነበር የምጽፈው። እሷ ከእነዚህ አንዱን እንኳን አልተጠየቀችም።

"ስድስተኛ" አለ። እየተመላለሰ ሊናገር ተነሥቶ ነበር፣ እንደማይሆንለት ሲያውቅ መልሶ ተቀመጠ። "ልጄን የማላውቅበት ቀን ሲመጣ፣ ማንም ሰው ፊቴ ቆሞ 'እኔ ማን ነኝ?' እያለ አይፈትነኝ። ተማሪ አይደለሁም። መጀመሪያ ስሙን ይንገረኝ፣ ከዚያ ሰላም ይበለኝ።"

የስንቱን ሰው ፍርድ ጽፌያለሁ፣ ይህቺን ግን ቃል በቃል እንዳለው ጻፍኳት። ልጅቱ አጎንብሳ ግንባሯን ትከሻው ላይ አስደገፈች።

"ጻፍሽው?" አለኝ።

"ጻፍኩት።"

"አንቺ ግን ስምሽን አትንገሪኝ፤ ድሮም አላውቀውም። 'ከታች ያለችው ከሳሽህ ነኝ' በይኝ። ያኔ ማን እንደሆንሽ ይገባኛል።"

"ይህም ይጻፍ?"

"ይጻፍ እንጂ!"

ሰባተኛ ቁጥር አድርጌ ጻፍኩት። መነጽሩን አውጥቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሱ አነበበው፣ ከዚያ በየገጹ ፈረመ።